ለተወራራጆች ያልታደለው አምስተኛ ገጽ

ተጨማሪ የምስክርነት ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የተመለከተው፤ በሥራ ቦታቸው «ጋሽ ሙጫ» በሚል የሚጠሩ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ በቀዘፋ ክበብ የጀልባ ጥገና ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ማከማቻው ጀርባ ሁለተኛው ቤት
ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አባት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የእህቱ ባል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከውድድሩ ዘጠኝ ቀን በኋላ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ልጄ በሞተችበት ዕለት ለዚሁ ጣቢያ የሰጠሁት ቃል ውሸት የለበትም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር የመጣሁት የጎደለውን ለመሙላት ነው። መርማሪው በቀጥታ ወደ ጎደለው ነገር እንድገባ ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ግን ከመጀመሪያው ካልተነሳሁ የመጨረሻውን ለመናገር አንደበቴ እንደማይታዘዝልኝ ገልጬ፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የሚመስለውም ጭምር እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

ሥራዬ ጀልባ መጠገን ነው። የውድድር ጀልባ እንደ ዓሣ አስጋሪ ጀልባ አይደለም፤ ገላው ስስ ነው፣ ድንጋይ ከነካው ይሰነጠቃል። እኔ ስንጥቁን እሞላለሁ፣ አለሰልሳለሁ፣ እቀባለሁ። የሙጫ ሽታ ከልብሴ ስለማይለቅ «ጋሽ ሙጫ» ይሉኛል። ልጄም ሕፃን ሳለች የአባት ሽታ ሁሉ እንደዚያ ይመስላት ነበር፤ ኋላም በዚሁ ክበብ ቀዛፊ ሆነች። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት ስለ ቀዘፋ አንድ ጥያቄ የጠየቀኝ የውጭ ሰው አላስታውስም። በውድድር ቀን ዳር ላይ ቆመው የሚያዩት የቀዛፊዎቹ እናቶችና መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህንን የምገልጸው ቀጥሎ የሆነው ነገር ለምን ልቤን እንዳሳበጠው እንዲታወቅልኝ ነው።

ከሦስት ወር ገደማ በፊት፣ ኳስ ለእረፍት በተዘጋበት ሰሞን፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የውርርድ ቤት ኃላፊ ወደ ጥገና ክፍሌ መጣ። ኳስ ሲቆም ደንበኛ ስለሚበተንበት የቀዘፋ ውድድርን በውርርድ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባቱን ነገረኝ። ችግሩ ሰዉ ስለ ቀዘፋ ምንም አለማወቁ ነበር። «ጋሽ ሙጫ፣ በቀለም ነው የሚመርጡት፤ ቀይዋ ሁለቴ አሸንፋለች ብለው ሁሉም ቀይ ላይ ተኝተዋል፣ ምን ላድርጋቸው?» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ለጀማሪ ተወራራጆች ስለ ቀዘፋ እንዳስተምርለት፣ የሚታደል ጽሑፍም እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። የሚከፍለኝም ነገር ነበረው። ግን በገንዘቡ አላሳብብም፤ ባይከፍለኝም እሄድ ነበር።

በጠቅላላው ስድስት ቅዳሜ አስተማርኩ። ክፍሉ ከውርርድ ቤቱ ጀርባ የሚገኝ፣ መስኮት የሌለው፣ አርባ የፕላስቲክ ወንበር የሚይዝ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ሰው በግድግዳው ጥግ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ጸጉር አስተካካይ ነበረ፣ ጡረታ የወጣች የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ከመናኸሪያው የሚመጡ ሹፌሮችና ተራ አስከባሪዎች ነበሩ። ደብተር ይዘው ነበር የሚመጡት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያልተማርኩ ሰው፣ አርባ እስክሪብቶ የእኔን አፍ ሲከተል አየሁ።

ምን እንዳስተማርኩ ተጠይቄያለሁ፤ ያስተማርኩት የሚከተለውን ነው። ቀዛፊ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ የሚመራው ሁሉንም ያያል፣ ኋላ የቀረው ማንንም አያይም። ቀድሞ የወጣ ተቀናቃኞቹን እያየ ጉልበቱን ይመጥናል፣ ኋላ የቀረው ግን በጀርባው ነው የሚፋለመው፤ በመጀመሪያው አምስት መቶ ሜትር ማን እንደሚቀድም ሳታውቁ አትወራረዱ አልኳቸው። ርቀቱ ሁለት ሺህ ሜትር፣ መስመሩ ስድስት ነው። የማጣሪያ ሰዓትን አትመኑ፣ ጎበዝ ቀዛፊ ማለፉን ካረጋገጠ በኋላ እጁን ያሳርፋል አልኳቸው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ በዛፎቹ በኩል ያሉት ሁለት መስመሮች ይከለላሉ፤ ጠዋት ተነስታችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የሐይቁን ባንዲራ እዩ አልኳቸው። ጸጉር አስተካካዩ እጁን አውጥቶ ወደ ኋላ እያዩ እንዴት እንደማይጋጩ ጠየቀኝ። እኔም እሱ ከኋላ ሆኖ ሲላጭ የሰው ጆሮ እንዴት እንደማይቆርጥ ጠየቅሁት። «አንዳንዴማ እቆርጣለሁ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

በፊተኛው ወንበር ላይ ስድስቱንም ቅዳሜ ሳይቀር የተቀመጠው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ አሁን በዚህ ጣቢያ በቁጥጥር ሥር የሚገኘው ተጠርጣሪ ነው። ሥራው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናታቸው ስትሞት በአሥራ አንድ ዓመቱ እኛ ቤት ገባ። እኔ አሳደግኩት ማለት ይከብደኛል፤ ባለቤቴ ናት ያሳደገችው። እኔ ብስክሌት ገዛሁለት፣ እሱ ደግሞ በዚያው ብስክሌት ልጄን አስተማራት። እኔን «ጋሼ» ነው የሚለኝ። መወራረድ የጀመረው ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በፊት ሲሆን ሲያሸንፍ አይቼው አላውቅም። በቤታችን ቀልድ ነበር። ልጄ «አጎቴ ጃንጥላ ከያዘ ፀሐይ ነው» ትለው ነበር፤ እሱም ከእሷ እኩል ይስቅ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ይኸው የባለቤቴ ወንድም እጁን አውጥቶ «ጋሼ፣ እሺ መሐል ላይ ብረት ቢሰበርስ? ትኬታችን ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ስለነበር በክፍሉ ፊት አመሰገንኩት። መልሴም የሚከተለው ነበር። ከመነሻው እስከ አንድ መቶ ሜትር ባለው ውስጥ የጀልባ ዕቃ ከተሰበረ ዳኛው ውድድሩን ያቆማል፣ ዕቃው ተጠግኖ እንደገና ይጀመራል። ከአንድ መቶ ሜትር በኋላ ከተሰበረ ግን የቀዛፊው ዕድል ነው፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ፣ በእሱ ላይ የተቆረጠ ትኬት ተበላ። ይህን ስናገር ሲጽፍ አይቼዋለሁ። ጎበዝ ተማሪ ወጣው ብዬ ደስ አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለእኔ ነበር።

የሚታደለውን ጽሑፍ በተመለከተ፣ በእጄ የጻፍኩት አምስት ገጽ ነበር። አምስተኛው ገጽ ጀልባ እንዴት እንደሚገለበጥ የሚናገር ነበር። በዚያ ላይ የጻፍኩትን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ሰው የሚቀዝፋት ጀልባ ከሰው ትከሻ ትጠባለች፤ ቀጥ አድርገው የሚያቆሟት ሁለቱ መቅዘፊያዎች ናቸው፤ አንዱ ከተለቀቀ ጀልባዋ አትቆምም፣ ዓይን ሳይርገበገብ ትገለበጣለች። ኃላፊው ይህን አንብቦ «ጋሽ ሙጫ፣ ሰው ሊዝናና ነው የሚመጣው፤ ስለ መስመጥ ምን አወራን? ደሞ አራት ገጽ በሁለት ወረቀት ግራና ቀኝ ያልቅልኛል» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ወረቀት ለመቆጠብ እሺ አልኩ። ያችን ገጽ ወደ ጥገና ክፍሌ ይዣት ተመልሼ የሙጫ ብሩሽ ጠረግኩባት።

ከውድድሩ በፊት ዓርብ ዕለት የሆነ ነገር አለ። እሱን በኋላ እገልጻለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ 11፡00 ሰዓት ገደማ የባለቤቴ ወንድም ወደ ጥገና ክፍሌ መጣ። ልጄ ነገ በምትወዳደርባት ጀልባ ላይ ዓይኑን ሊያሳርፍ፣ ሊመርቃትም እንደመጣ ነገረኝ። የልጄ አሰልጣኝ ፕላስተር ስለፈለገች ላደርስላት ወጣሁና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ስመለስ የብረት መጋዜን ከተሰቀለችበት ሚስማር ላይ ወደ ግራ ዞራ አየኋት፤ እኔ ወደ ቀኝ ነው የምሰቅላት። አየሁና አለፍኩት። የቀኙን ማቀፊያ፣ ማለትም መቅዘፊያውን ከጀልባው ጎን ጋር አቅፎ የሚይዘውን ብረት፣ ብሎኑን ከሥር በኩል ሁለት ሦስተኛ ያህል ቆርጦ በግሪስ መድፈኑን እሱ ራሱ በሰጠው ቃል ስላመነ አልደግመውም።

እሑድ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ ጀልባዋን ፈተሽኩ። አፈታተሼ በሃያ ስድስት ዓመት ተለውጦ አያውቅም። ጫፏ ላይ ያለውን የጎማ ኳስ እጫናለሁ። ከሆዷ ሥር ያለችውን መዳፍ የምታህል ክንፍ እነካለሁ። ማቀፊያዎቹን በየተራ ይዤ እነቀንቃለሁ። ብሎኑ ገና አንድ ሦስተኛው ስለነበረ አልተነቃነቀም። ልጄ በአጠገቤ ቆማ ጣቶቿን በፕላስተር ትጠቀልል ነበር። ቁመቷ ረጅም፣ ገላዋ ቀጭን ስለነበር በክበቡ «መቃ» ይሏታል። ወደ ሐይቁ ዳር አሻግራ አይታ «አባዬ፣ ተማሪዎችህ በሙሉ መጥተዋል እኮ፤ አስፈርመሃቸዋል እንዴ?» አለችኝ። እውነትም ዳርቻው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከሁለት መቶ አያንስም። የእኔን አራት ገጽ ጠቅልለው ይዘው ስለ ነፋሱ ይከራከሩ ነበር። በሕይወቷ ሰው ቆሞ ሲጠብቃት ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው። ያንን ያመጣሁላት እኔ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ውድድሩ ከጠዋቱ 3፡30 ላይ ተጀመረ። ልጄ በአራተኛው መስመር ነበረች። እኔ በብስክሌት በዳርቻው መንገድ ከአሰልጣኟ ጋር እከተላት ነበር። እስከ አንድ መቶ ሜትር ምንም አልሆነም። በአምስት መቶው ላይ በግማሽ ጀልባ ቀደመች፤ በአንድ ሺሁ ላይ በአንድ ሙሉ ጀልባ። አምስቱንም ፊት ለፊቷ እያየች ነበር የምትቀዝፈው። ዳርቻው «መቃ! መቃ!» ይል ነበር። በግምት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ላይ የቀኙ ማቀፊያ ተስፈንጥሮ ሲወጣ አየሁ። ድምፁ አልተሰማኝም፤ መቅዘፊያው ብቻ ወደ ጎን ሲተኛ አየሁ። ጀልባዋ ተገለበጠች። አምስተኛው ገጽ ላይ እንደጻፍኩት፣ ዓይን ሳይርገበገብ።

መርማሪው በዚያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ጠይቀውኛል። መጀመሪያ አልፈራሁም። ልጄ ዋና ታውቃለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የተገለበጠ ቀዛፊ እግሩ ከጫማው ሾልኮ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ጭንቅላቱን ያወጣል። እኔ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጠበቅሁ። አራት ስል ብስክሌቱን ጣልኩት። ሌሎቹ አምስት ቀዛፊዎች ፊታቸው ወደ ኋላ ስለሆነ በአጠገቧ ካለፉ በኋላ ነው ያዩት። የነፍስ አድን ጀልባ ማዕበል እንዳይፈጥር ከመጨረሻው ቀዛፊ ኋላ መቆየት ስላለበት ሩቅ ነበር። ዳርቻው ላይ ሰው ጮኸ። ደንግጦ የጮኸውንና ትኬቱ ስለሠራለት የጮኸውን መለየት አልቻልኩም፤ አሁንም ተኝቼ ሲሰማኝ አልለየውም። ነፍስ አድኖቹ ወደ እሷ ሲደርሱ ከአራት ደቂቃ በላይ ሆኖ ነበር። ከጫማው ያወጧት በቢላዋ ቆርጠው ነው።

ስዋኝ ደረስኩባቸውና ከእነሱ ጋር ወደ ዳር አመጣናት። ሐኪም በደረቷ ላይ ሲሠራ የባለቤቴ ወንድም ከሰው መሐል ወጥቶ ከነጫማው ወደ ውሃው ገባ። ዋና አያውቅም። አሰልጣኟ በኮሌታው ይዛ አወጣችው። ከዚያም እጄን ይዞ በሰው ፊት «ጋሼ፣ ይቆማል ነው እንጂ ይገለበጣል አላልክም! አላልክም እኮ!» አለኝ። ማን እንደሠራው ያወቅሁት በዚህ ነው። ይህንን በመጀመሪያው ቃሌ ላይ አስመዝግቤያለሁ።

በሦስተኛው ቀን በዚሁ ጣቢያ ከእሱ ጋር ፊት ለፊት ስንገናኝ ለምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። ሁሉም ሰው የእኔን ትምህርት ሰምቶ በልጄ ላይ ስለተወራረደ በሌላዋ ላይ የቆረጠ ብዙ እንደሚያገኝ አስረዳኝ። ቀጥሎም «ጋሼ፣ እሷ ዕድሜ ልኳን ታሸንፋለች። እኔ አንድ ቀን ላሸንፍ ብዬ ነው። ትቆማለች፣ ትናደድብኛለች፣ በሌላው ሳምንት ትቀዝፋለች ብዬ ነው» አለኝ። ከኪሱ ያችን አራት ገጽ አወጣ፤ ረጥባ ደርቃ ነበር። ስለ መገለበጥ የሚናገር ነገር አምልጦት እንደሆነ እየፈለገ እስከ አራተኛው ገጽ ገለጠ። ከዚያ በኋላ ገጽ አልነበረም። አምስተኛ ገጽ እንደነበረ አልነገርኩትም። 

አሁን ወደ ዓርብ እመለሳለሁ።

የቀዛፊ ጫማ ከጀልባዋ ጋር በብሎን የታሰረ ነው፤ ሰው ይገባበታል እንጂ ይዞት አይሄድም። በተረከዙ ላይ ከጣት የምታጥር ገመድ አለች፤ ተረከዙን ከጀልባዋ ጋር ታያይዛለች። ቀዛፊው ሲገለበጥና እግሩን ሲስብ ያች ገመድ የጫማውን ተረከዝ ወደ ታች ስለምትይዘው እግሩ ሾልኮ ይወጣል። ገመዷ ከሌለች ጫማው ከእግሩ ጋር አብሮ ይታጠፍና አይለቅም። ሥራዋ ይህ ብቻ ነው። ተራ የጫማ ክር ናት፤ ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም።

ዓርብ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ገደማ ልጄ የቀኝ እግሯ ገመድ ወደ ፊት ስትጠጋ ተረከዟን እንደሚይዛት፣ ትንሽ ላላ እንዳደርግላት ለመነችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለምነኝ እምቢ ስላት የኖርኩት ነገር ነው። ያን ቀን ግን አዲስ ገመድ በልክ ላስርላት ብዬ አሮጌውን ፈታሁት። አዲሱን በአንድ በኩል አሰርኩ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። የውርርድ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ለመጨረሻው ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ጽሑፉ ሁለት መቶ ቅጂ መባዛት እንዳለበት፣ የእሱ ማባዣ ግን ቀለም እንደጨረሰ ነገረኝ። የክበቡ ጽሕፈት ቤት ሳይዘጋ ላባዛለት እየሮጥኩ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ያህል ገጾቹን ሳደራጅ፣ ስቴፕል ስመታ ቆየሁ። ርእሱን በትልቁ እያየሁ ነበር፤ «የቀዘፋ ውድድር መግቢያ ለጀማሪ ተወራራጆች» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ገመዷ በአንድ ጫፏ ብቻ ታስራ ቀረች።

እሑድ ጠዋት ጫማዎቹን አልፈተሽኩም። መርማሪው ለምን ብለው ጠይቀውኛል። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን ኖሮ እፈትሽ ነበር። ዓርብ ዕለት በእጄ የያዝኩት ነገር ስለሆነ በልቤ አልቋል ብዬ አለፍኩት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሌሎችን ስህተት ሁሉ በጣቴ ዳስሼ አግኝቻለሁ፤ የራሴን ሥራ ግን ፈትሼ አላውቅም። ጥገና ክፍሌ ውስጥ ሁሉም ይህን ያውቃል፤ «ጋሽ ሙጫ የነካውን አትንኩ» ይባላል። በዚህ እኮራ ነበር።

እሑድ ከጠዋቱ 4፡10 ገደማ፣ ልጄን አምቡላንስ ከወሰዳት በኋላ፣ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት፣ ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣ ተኝታ ነበር። መልሼ አቃናኋት። በቢላዋ የተቀደደውን የቀኝ ጫማ አየሁ። ገመዷ በአንድ ጫፏ ተንጠልጥላ ትንጠባጠብ ነበር። ዙሪያዬን አየሁና ተንበርክኬ አሰርኳት። በትክክለኛው ልክ፣ ከጣት አሳጥሬ፣ ሁልጊዜ በማስረው ቋጠሮ አሰርኳት። ያኔም እንኳ ቋጠሮው ቆንጆ ነበር። በመዝገቡ ላይ ባለው ሰባተኛ ፎቶግራፍ ላይ በትክክል ታስራ የምትታየው ገመድ ያኔ የታሰረች ናት። ልጄ በውሃ ውስጥ በነበረችበት ጊዜ አልታሰረችም። ይህንን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም፤ የሚጠይቅም ሰው የለም፤ ይህንን መጠየቅ የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ብሎኑን የቆረጠው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ያንን አልክድለትም፤ ይቅርም አልለውም። ብሎኑ ባይቆረጥ ልጄ አትወድቅም ነበር። ገመዷ ብትታሰር ግን ወድቃ፣ ረጥባ፣ እየተሳደበች ትወጣ ነበር። እሱ ያሰበው ያንን ነበር። እሱ በነፍስ ግድያ የሚጠየቅ ከሆነ እኔስ በምን ልጠየቅ? መርማሪው ይህን መወሰን የፍርድ ቤት ሥራ እንደሆነ ነግረውኛል። እኔ ፍርድ ቤቱን አይደለም የምፈራው።

ስምንት ቀን ዝም ያልኩበትን ምክንያት ተጠይቄያለሁ፤ ምክንያቱ ባለቤቴ ናት። ወንድሟን ለማየት አንድ ቀን እንኳ እዚህ አልመጣችም። ልብሱን ከቤት አውጥታ ሰጥታለች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ስሙን እንዳያነሳባት ከልክላለች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርድ አይለቀኝም፤ ፀሐይ ላይም ተቀምጬ እንቀጠቀጣለሁ። እሷ ኮቴን ይዛ ትከተለኛለች። ጠዋት «ልበስ» ትለኛለች፣ ቁልፎቹን ራሷ ትቆልፍልኛለች። ትናንት ማለዳ ቁልፉን እየቆለፈች «ወንድሜ ሞቶብኛል። ልጄም ሞታብኛለች። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ» አለችኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ከዚያ በኋላ የቀረበልኝን ሁሉ መዋጥ አቃተኝ። ወንድሟን ካሳደገው እጇ አስጥዬ፣ ልጇን ገድዬ፣ የእሷን ፍቅር ቁጭ ብዬ እየተቀበልኩ መሆኑን አየሁ።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ አብራኝ መጥታለች። በወንድሟ ላይ የምጨምረው ቃል ያለ መስሏት ነው። አሁን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮቴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በገዛ አንደበቴ ልነግራት ስምንት ቀን ሞክሬ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋትም መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ ነበር፤ የደከመኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። ስለዚህ ይህ ቃል በሕጉ መሠረት ተመልሶ ሲነበብልኝ የክፍሉ በር ክፍት እንዲሆንና እንድትሰማ እንድትጠራ ጠይቄያለሁ። መርማሪው ይህ ያልተለመደ መሆኑን ገልጸው፣ እርግጠኛ መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ፣ እርግጠኛ ነኝ ብያለሁ።

ከላይ የሰፈረው ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ በራሴ ፈቃድ የተናገርኩት ነው። በመጀመሪያው ቃሌ ላይ የጎደለው በዚህኛው ተሞልቷል፤ ከዚህ በኋላ በልቤ ያስቀረሁት የለም። በሩ ተከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት ይኸው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡45

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

ንባቡን የሰሙ እማኝ፦ የምስክሩ ባለቤት። ንባቡን በበሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳምጠዋል። እንዲፈርሙ ሲጠየቁ አልፈረሙም። የምስክሩን ኮት አጥፈው በአግዳሚው ወንበር ላይ ካስቀመጡ በኋላ ወንድማቸው የታሰረበት ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀው፣ ተነግሯቸው ሄደዋል። ምስክሩ ኮቱን ሳይወስዱ ከጣቢያው ወጥተዋል።